አራተኛው ቅጽ

«መነጽር እንኳ አላስፈለጋቸውም አሉ!» አለ የባጃጁ ሹፌር፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ አንገቱን ወደ ኋላ እየመለሰ። «ወረቀቱን አንዴ ብቻ ገለጥ አድርገው አዩትና ‹ይህ የስም ቆጠራ ነው፤ የልጅቱን ነፍስ በቁጥር እየቀነሰ ነው የወሰዳት› አሉ። አለቀ። ከዚያ ወዲያማ የሰፈሩ ጎረምሳ ልጁን እንደ ጤፍ ነው የወቃው።»

«እሰይ! እጃቸው ይባረክ!» አለች ቆጮ በኮባ ጠቅልላ በጭኗ የያዘች ሴት። «ዩኒቨርሲቲ መጣሁ ብሎ የሰው ልጅ ይበላል እንዴ? ቀኝ እጁን ነው አይደል የሰበሩት?»

«ጣቶቹን። የጻፈበትን።»

መሪጌታ መልከጼዴቅ ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው በወንበሩ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ኪዳን አድርሰው መመለሳቸው ነው። የግንቦት ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ የዲላን መንገድ አጨቅይቶታል፤ ባጃጁ በየጉድጓዱ በተንገጫገጨ ቁጥር የሴቲቱ ትከሻ ከትከሻቸው ይጋጫል። የሚወራው ስለ እርሳቸው ነው። ወረቀቱን አንዴ አይተው የፈረዱት እርሳቸው፣ የሞተችውም የእኅታቸው ልጅ ሃሌሉያ ናት። መነጽር ያላስፈለጋቸው ግን ዓይናቸው ብርቱ ስለ ሆነ አልነበረም፤ በሣልስቷ ዕለት መነጽራቸውን ቤታቸው ረስተውት ነበር የሄዱት። ይህን ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እርሳቸውም እስከዛሬ ጠዋት ድረስ ነገሬ ብለው አላሰቡትም። እውነቱን ለመናገር፣ ሹፌሩ ‹አለቀ› ሲል በደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር ጣፍጧቸው ነበር። ወዲያው ‹ጣቶቹን› የሚለው ቃል ተከተለና የጣፈጠው ሁሉ መረረ።

ከበራቸው ሲደርሱ ሃያ ብር አውጥተው ዘረጉ። ሴቲቱ ጥምጥማቸውን ልብ ብላ ያየችው ያን ጊዜ ነው። «ውይ! እሳቸው ናቸው እኮ!» አለች አፏን በእጇ ይዛ። ሹፌሩ ከወንበሩ ዘሎ ወረደ። «ከርስዎማ አልቀበልም፣ አባቴ! እጄን ይቁረጠው!» አለ፤ ብሩን ወደ መዳፋቸው መልሶ፣ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። መሪጌታ የሚሉትን ሲፈልጉ ባጃጁ ጭቃውን እየረጨ ሄደ። ብሩን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ከበሩ ሥር አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ጸጉሯን በጥቁር ሻሽ ሸፍና የላስቲክ ማኅደር በደረቷ አቅፋለች።

«ሀዲጃ እባላለሁ፣ አባባ። የቶሌራ ጓደኛ ነኝ፤ የታሰረው ልጅ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። እሱማ ‹አትሂጂ፣ አንቺንም ያስደበድቡሻል› ነው ያለኝ።»

«እኔ ማንንም አላስደበደብኩም።»

ሀዲጃ ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ ለአፍታ አየችና ቀና አለች። «እርስዎ የብራና ሰው ነዎት ይባላል። ሁለት መጽሐፍ አስተያይተው የትኛው ከየትኛው እንደ ተቀዳ ያውቃሉ አሉ። እንግዲያው ይህንንም ያስተያዩልኝ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ለፖሊስ የሚሰጡት ጽሑፍ እንዳለ ሰምቻለሁ። ይጻፉ፣ አይጻፉ አልልዎትም። አስቀድመው ግን ይዩት።»

ማኅደሩ ውስጥ ያሉት፣ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት በአሜሪካ አገር ሰዎች በእጃቸው የሞሏቸው የሦስት ቅጾች ፎቶዎች ነበሩ። የቶሌራ የመመረቂያ ጽሑፍ የእነዚህ ቅጾች ንጽጽር ነው አለች፤ ከየቃሉ ሥር ትርጉሙን እርሷ ራሷ በእርሳስ ጽፋበታለች።

«የምን ቅጽ ነው?»

«የጨዋታ። አንድ ሰው ታሪክ ይተርካል፤ ሌሎቻችን በታሪኩ ውስጥ ሰው እንሆናለን። የሆንነውን ሰው አቅምና ጠባይ በወረቀት እንጽፋለን። ከዚያ ዳይስ፣ ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ይጣላል፤ ገደል ይመጣል፣ ዘንዶ ይመጣል፣ ማምለጥ አለማምለጣችን ይታያል። በቃ ይኸው ነው። ሐሙስ ሐሙስ በቶሌራ በረንዳ ላይ ነበር የምንጫወተው። ሃሌሉያም ነበረች።»

«በሕማማትም ትጫወቱ ነበር?»

«እሷ አልመጣችም። ‹አጎቴ ይቆጣል› አለች።» ሀዲጃ ፈገግ ልትል ጀምራ ተወችው። «እኛ ጦረኛ ነን፣ ባላባት ነን ስንል የርስዎ ሃሌሉያ ምን እንደ ሆነች ያውቃሉ? ሯጭ።»

መሪጌታ ማኅደሩን ተቀብለው፣ ልጅቱ ከደጁ ባለች ዱካ ላይ እንድትቀመጥ አመልክተው ገቡ። ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ከመስኮቱ ሥር እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ። በመጀመሪያ መነጽራቸውን አደረጉ። ፖሊስ ‹ይመርምሩልን› ብሎ የሰጣቸውን አራት የሃሌሉያ ቅጾች በቀኝ፣ ሦስቱን የቆዩትን በግራ ደረደሩ። ይህ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ሥራ ነው። መጽሐፍ ሲያስተያዩ አስቀድመው የሚያዩት ነገሩን አይደለም፤ የጸሐፊውን እጅ፣ የአሰማመሩን ስልት፣ የተፋቀውንና የተደለዘውን ስፍራ ነው። ከቆዩት ቅጾች የመጀመሪያው ተራ የደብተር ወረቀት ነው፤ ሰውየው ስድስት ቃላት ወደ ታች ጽፎ ከየጎናቸው ቁጥር አኑሯል። ሁለተኛው በጽሕፈት መኪና የተመታ፣ ሦስተኛው በማስመሪያ ሳጥን በሳጥን የተከፈለ ነው። ስድስቱ ቃላት በሦስቱም አሉ፤ ጉልበት፣ ዕውቀት፣ ጥበብ፣ ጽናት፣ ቅልጥፍና፣ ግርማ። በሦስተኛው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ተለዋውጧል። ዕውቀትንና ጥበብን ለይቶ በሁለት መስመር የጻፈው ሰው ማን ይሆን ብለው ተደነቁ፤ ይህን ልዩነት ለእርሳቸው ለማስረዳት የጎጃሙ መምህራቸው ሁለት ክረምት ፈጅቶባቸዋል። ከስድስቱ ሌላ ሕይወት የምትቆጠርበት ስፍራ አለች፤ በመጀመሪያው ቅጽ ከጠርዝ ላይ ተጨናንቃ፣ በሁለተኛው የራሷን መስመር አግኝታ፣ በሦስተኛው ሳጥን ተሠርቶላት መካከል ገብታለች። በሦስቱም ወረቀቱ የተጎዳው እዚያችው ስፍራ ላይ ነው። በላጲስ ከመታሸቱ ብዛት በፎቶው ላይ እንኳ እንደ ጥላ ጠቁሮ ይታያል፤ በአንዱማ ወረቀቱ ተበስቷል።

ጠንቋይ አይፍቅም። መሪጌታ በወጣትነታቸው የስም ቆጣሪዎችን ወረቀት በጓደኞቻቸው ዘንድ አይተው ያውቃሉ፤ የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር ደምረው በዐሥራ ሁለት እየገደፉ ሲቀንሱት የሚተርፈው ዕጣው ነው፤ አንዴ ከወጣ የሚሠርዘው የለም። እነዚህ ሰዎች ግን የቀነሱትን መልሰው ሲጨምሩ፣ የጨመሩትን ሲቀንሱ ኖረዋል። ወደ ቀኙ ዞረው የሃሌሉያን ቅጾች አገላበጡ፤ ከላይ እስከ ታች ፈለጉ። የእናቷ ስም የትም የለም። የእናት ስም የሌለበት ስም ቆጠራ እንደሌለ የሚያውቁት ከሃያ ዓመታቸው ጀምሮ ነው። ያን ዕለት ለቅሶ ላይ መቶ ዓይን ሲያያቸው፣ በደበዘዘ ዓይናቸው ሳጥን አዩ፣ ቁጥር አዩ፣ የልጅቱን ስም አዩ፤ ‹ቆዩ፣ መነጽሬን ላምጣ› ማለት ግን አላሰቡም።

ደግሞም ጽሕፈቱ የቶሌራ አልነበረም። ፊደል ያስቆጠሯት እርሳቸው ናቸው፤ ‹ሌ›ን ስትጽፍ ቀለበቷን ትታ ነጥብ ብቻ እያደረገች ስንት ጊዜ ተቆጥተዋታል። ‹የቀረ እስትንፋስ› በሚለው ሳጥን ውስጥ በየቅጹ አንድ ቁጥር ጽፋለች፤ ስድሳ አንድ፣ አርባ ስምንት፣ ሠላሳ፣ ዐሥራ አንድ። ያን ዕለት ‹ነፍሷን እየቀነሰ› ያሉበት ይህ ነው። እነዚህ ብቻ ከቶ ላጲስ አልነካቸውም። በየቅጹ ጥግ ደግሞ እርሳቸው እንዳስተማሯት በግዕዝ አኃዝ ተራ ሰጥታቸዋለች፤ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፭።

ሀዲጃን ጠሩ። «ይህ ቁጥር የጨዋታው ነው?»

«አይደለም። የኛ ከሃያ አያልፍም። ይሄን ቶሌራም አያውቀውም፤ ብቻዋን የያዘችው ነው።»

«አራተኛው የት አለ?»

«አራት ናቸው እኮ፣ አባባ።»

«አዎን፣ አራት ናቸው። አራተኛው ግን የለም።»

የእኅታቸው የሸዋአለም ቤት ሩቅ አይደለም። ድንኳኑ ተነሥቷል፤ የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች በግድግዳው ጥግ ተደራርበዋል፤ ከጨለለቅቱ ለለቅሶ የመጡት የሟቹ ባሏ የቦና ዘመዶች መዝሙራቸውን ዘምረው ተመልሰዋል። ቦና ጴንጤ ስለ ነበረ መሪጌታ እርሱ በሕይወት ሳለ የዚህን ቤት ደፍ አልረገጡም፤ እርሱ ሲሞት መጥተው፣ እናትና ልጅን ወደ ቤተ ክርስቲያን መልሰው፣ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የሚደረገውን ሁሉ የሚወስኑት እርሳቸው ሆነው ነበር። ከግቢው በስተኋላ ቶሌራ የተከራየው ክፍል በሩ ተገንጥሎ ቁልፉ እንደ ተንጠለጠለ ነው። በረንዳው ላይ አንዲት ሰማያዊ የላስቲክ ወንበር ተገልብጣለች። ሸዋአለም ከመድረኩ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ብድግ አለች፤ ተቀመጡ፤ ተቀመጠች። ሽንኩርት ኪሎው መቶ ሃያ መግባቱን ነገረቻቸው። ‹እግዚአብሔር ያውቃል› አሉ። ለተዝካሩ ሸራ የሚያከራየው ሰው ቀብድ እንደሚፈልግ ነገረቻቸው። ለዚህም አንገታቸውን ነቀነቁ። ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች።

«ሸዋዬ፣ አራተኛውን ስጪኝ።»

«የምን አራተኛ፣ ጋሼ?»

«ቅጹን። ለፖሊስ የሰጠሽው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትና አምስትን ነው።»

ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቆሙ። አንዲት ጠጠር ለቅማ ጣለች፤ ሌላም ጣለች። ከዚያ ተነሥታ ገባችና ከትራስ ልብስ ውስጥ ስምንት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ተመለሰች። በእጃቸው አልሰጠቻቸውም፤ ሰፌዱ ላይ፣ ከምስሩ በላይ አኖረችው።

በዚህኛው ቅጽ የሯጯ ዕቃ በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ፣ ሌሎቹ ገመድና ችቦ በሚጽፉበት፣ ሃሌሉያ አንድ ዕቃ ብቻ ጽፋለች፤ ‹መርፌ›። ከሥሩ፣ ‹ጥር፣ ተወግቻለሁ። የካቲት፣ ተወግቻለሁ። መጋቢት፣ የለም። ሚያዝያ፣ የለም።› ከዚያ በታች በደቃቅ ጽሕፈት፦ ‹ቁጥሩ ከበሩ ወደ በረንዳው ስሄድና ስመለስ ሳላርፍ የምራመደው እርምጃ ነው። ለእማዬ አላሳያትም፤ ትጨነቃለች። ሱባኤው ሲያልቅ ይመለሳል።›

ሃሌሉያ ከልጅነቷ ጀምሮ የልብ ሕመምተኛ ነበረች፤ ሐኪሙ በየወሩ ሳታቋርጥ እንድትወጋ ያዘዘላት መርፌ ነበራት። መሪጌታ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። የሚጠይቁትን ያውቁት ነበር፤ ቢሆንም ጠየቁ።

«መቼ አየሽው?»

«በቀበርኳት ማግስት።»

«ከሣልስቷ በፊት? ልጁን ሳይደበድቡት?»

«እኔ ምን አልኩ? ‹ወረቀት ተገኘ› አልኩ። ‹ስም ቆጠራ ነው› ያልከው አንተ ነህ።» በሃምሳ ዓመት ውስጥ ታላቅ ወንድሟን አንተ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «መርፌውንም አንተ ነህ። እዚህ በር ላይ ቆመህ። ‹ጋሼ፣ ጠበል ከገባች የወሩን መርፌ ምን ላድርግ?› ብዬ ጠየቅሁህ። ‹ሱባኤው እስኪያልቅ ይቆይ› አልከኝ። ጃንጥላህን እንኳ አላጠፍክም።»

አስታወሱት። ዝናብ ነበረ፤ ለማኅሌት ለመድረስ ቸኩለው ነበር። ጠበል የመድኃኒት ባላጋራ እንዳልሆነ፣ ሁለቱም የአንድ አምላክ ስጦታ እንደ ሆኑ እርሳቸው ራሳቸው ለምእመናን ስንት ጊዜ ተናግረዋል። ያን ቀን ግን በመንገድ ላይ ተጠየቁ፤ ለተጠየቁት ሁሉ ደግሞ መልስ መስጠት ለምደዋል። ከጪጩ በታች ካለው ጠበል ልጅቱ በየማለዳው በእግሯ ስትመለስ አግኝተዋት ነበር፤ ከንፈሯ ጠቁሮ። ‹በርቺ› ብለዋታል።

«ልጁ መፈታት አለበት» አሉ።

«እሱን ከለቀቁት እኔ ማንን ልያዝ? አንተን? ራሴን?»

«እኔን።»

ሸዋአለም ወረቀቱን አንሥታ በቀድሞው መስመር አጣጥፋ በጉያዋ ከተተችው። «ሂድ፤ ስለ ራስህ ተናገር። ይህን ግን አትወስደውም። በሌላው ሁሉ አንድም ቦታ አላነሣችኝም፤ እኔ ያለሁበት ይህ ብቻ ነው።» ምስሯን መልቀም ጀመረች። ሲወጡ አልሸኘቻቸውም።

ፖሊስ ጣቢያው መብራት ጠፍቶበት ሳጅን ታዲዮስ ጠረጴዛውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ነበር። እስረኛ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ከሽቦው አጥር ማዶ ሳህን ይዘው ቆመዋል። መሪጌታ ሁለት ገጽ፣ በብራና ላይ በሚጽፉበት እጅ፣ ሳይቸኩሉ ጻፉ። ሳጅኑ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበና ከአንድ ስፍራ ሲደርስ ድምፁ ከፍ አለ።

«‹መርፌዋን ትታ ጠበል እንድትገባ ያዘዝሁ እኔ ነኝ፤ ለሞቷ ተጠያቂው እኔ እንጂ ይህ ተማሪ አይደለም።› መሪጌታ! ይሄ ምንድን ነው? እኛ የጠየቅንዎት ስለ ወረቀቱ ነው እኮ።»

«ስለ ወረቀቱም አለበት። የእናት ስም የሌለበት ስም ቆጠራ የለም። ጨዋታ ነው። አንባቢው ነው የተሳሳተው።»

«ጨዋታ ነው ብዬ ለዚህ ሰው ልንገረው?» አለ ሳጅኑ አጥሩን በአገጩ እያመለከተ። ሰዎቹ ወደ ሽቦው ተጠግተው ያዳምጡ ነበር። «እኔ እኮ መጀመሪያም በጥንቆላ ሰው አልከስም። ባልይዘው ይገድሉት ነበር፤ ለዚያ ነው። አሁን ደግሞ ይኸው። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ምናልባትም ይለቀቃል። ከዚያስ? ዲላ ውስጥ ማን ያሳድረዋል?»

ቶሌራን አስጠሩላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የወለጋ ልጅ ነው፤ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በጀሶ ታስሯል፤ የግራ ዓይኑ እብጠት ገና አልጎደለም። ከፊታቸው ቆሞ አያቸው።

«ዛሬ መነጽርዎን አድርገዋል» አለ።

«አድርጌያለሁ፣ ልጄ። ይቅር በለኝ። የልጅቱን ቁጥር ምንነት አወቅሁት። ከበሩ እስከ በረንዳህ ሳታርፍ የምትራመደው ነበር። ስትደክም እየጻፈችው ነበር።»

ቶሌራ ጀሶውን በግራ እጁ ደግፎ ግድግዳው ላይ ተጠጋ። «ሐሙስ ሐሙስ ታረፍድ ነበር» አለ። «እዚያው ግቢ እየኖረች። ‹ሯጯ፣ ዛሬም ኤሊ ቀደመችሽ?› እያልኩ እቀልድባት ነበር። ትስቅ ነበር እኮ። እጇን በደረቷ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር።» ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላለም። ፖሊሱ ትከሻውን ነክቶ ወደ ውስጥ መለሰው።

መሪጌታ በእግራቸው ጀምረው ዝናቡ ሲጠና ከአደባባዩ ባጃጅ ያዙ። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደዋል። አንድ ጎልማሳ ከጎናቸው ገብቶ ነበር፤ ሹፌሩ ወሬውን የጀመረው ለእርሱ ነው። ድምፁን ለዩት፤ የጠዋቱ ልጅ ነው።

«አልሰማህም? ያ ተማሪ እኮ መሪጌታውንም አሰራቸው! በመተት። አሁን፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ በሕዝብ ፊት ‹የገደልኳት እኔ ነኝ› ብለው ፈረሙ አሉ። ምስኪን ሽማግሌ። አስበው፣ በታሰረበት ሆኖ ነው ይህን የሠራው!»

«ይኼ ልጅማ ከዚህች ከተማ ሕያው መውጣት የለበትም» አለ ጎልማሳው፤ ከመገንጠያው ላይም ወረደ።

ባጃጁ ከበራቸው ቆመ። መሪጌታ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገለጥ አድርገው፣ ጠዋት የተመለሰላቸውን ሃያ ብር ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉ። ሹፌሩ ዞሮ ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ። ሁለት እጆቹን በብብቱ ሥር ሸሸገ።

«ማንም አላሰረኝም፣ ልጄ» አሉት። «የተናገርኩት እውነት ነው። ጠዋት ያወራኸው ነው ሐሰቱ።»

«እሺ፣ አባቴ። እሺ። ይውረዱልኝ ብቻ።»

«ሒሳብህን ተቀበል።»

«ከርስዎ አልቀበልም።»

ወረዱ። ባጃጁ ሳይዞር ወደ ኋላው ጥቂት ሸሽቶ ቆመ፤ ሹፌሩ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ያያቸዋል። መሪጌታ መልከጼዴቅ በራሳቸው በር ላይ፣ ሃያ ብሩን እንደ ዘረጉ ቆሙ። ዝናቡ ብሩን እስኪያርሰው፣ መነጽራቸውንም እስኪጋርደው ድረስ እጃቸውን አላጠፉም።